ጫጩቶችን በቀለም በፆታ ለመለየት፦ ያልሠራው እና የሠራው

ወንድና ሴቱን ገና እንደተፈለፈሉ በቀለም ልለይ ብዬ አዳቀልኩ። አውራው ባርድ ፕሊማውዝ ሮክ (ባጭሩ ባርድ ሮክ) የሚባለው ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው ዝርያ፣ ሴቶቹ ሮድ አይላንድ ሬድ የሚባለው ቀይ ዝርያ። ጫጩቶቹ ግን በሙሉ ጥቁር፣ በሙሉ አናታቸው ላይ ነጭ ነጥብ ያለባቸው ሆኑ።

የነጥቡን ስፋት ባወዳድርም ምንም አልለየልኝም። ሴቶቹን በሌሎች ሮድ አይላንድ ሬዶች ቀይሬ ሌላ 21 ቀን ጠበቅኩ። ያው ነው።

ለካ ያዳቀልኩት በተቃራኒው ነው! ጥቁርና ነጭ መስመሩን የሚያወጣው ጂን ያለው ፆታን ከሚወስኑት ክሮሞሶሞች አንዱ በሆነው ዜድ ክሮሞሶም ላይ ነው። አውራ ዶሮ ሁለት ዜድ አለው፤ ሴቷ ግን አንድ ዜድና አንድ ደብሊው። ከሰው ጋር ሲነጻጸር ግልብጥ ነው፣ እኔንም ያሳሳተኝ ይኸው ነው። ሴት ጫጩት ዜዷን የምታገኘው ከአባቷ ብቻ ነው። ስለዚህ ንጹህ ዝርያ የሆነ ባለመስመር አባት ጂኑን ለወንዱም ለሴቷም እኩል ያድላል፤ ባለመስመር እናት ግን ለወንዶቹ ብቻ ትሰጣለች።

ገለበጥኩት። አውራው ሮድ አይላንድ ሬድ፣ እናቶቹ ባርድ ሮክ። አሁን ነጥብ ያላቸው ወንዶች፣ አናታቸው ድፍን ጥቁር የሆነው ሴቶች ናቸው። ነጥቡን ጫጩቶቹ በደንብ ከደረቁ በኋላ እዩ። ነጭ አውራ አትጠቀሙ፤ ነጩ ቀለም መስመሩን ሊሸፍነው ይችላል። ልጆቹን እርስ በርስ ብታዳቅሉም ዘዴው አይሠራም፣ ወላጆቹን አቆዩ።