ለሳይንሳዊ ልቦለድ የሚሆን የሌላ ዓለም ፍጡር እንዴት ይፈጠራል?

በአማርኛ ሳይንሳዊ ልቦለድ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በመንኮራኩሩ ላይ ሳይሆን ከመንኮራኩሩ በሚወርደው ፍጡር ላይ ነው። እኔ መጀመሪያ የፈጠርሁት ፍጡር ረጅም፣ ቀጭን፣ አረንጓዴና ዓይነ ትልቅ ነበር፤ ከዚያ በቀር ግን እንደ ማንኛውም የጅማ ነዋሪ ይቆጣል፣ ያኮርፋል፣ ነገር ያመላልሳል። ረቂቁን ያነበበልኝ ወዳጄ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ይሄ ሰውዬ ምንድን ነው የሚበላው?» መልስ አልነበረኝም። «ሰውዬ» ማለቱም ቢሆን ሳይታወቀው የሰጠው ፍርድ ነበር። ከዚህ በታች የምገልጸው አሠራር ያንን ጥያቄ ለመመለስ ስል ቀስ በቀስ የደረስሁበት ነው።

በመጀመሪያ፣ ካነበቧቸው ወይም በፊልም ካዩአቸው የሌላ ዓለም ፍጡራን መካከል አብልጠው የሚወዱትን አንዱን ይምረጡና እንደ ሰዓት ሠሪ ይፍቱት። የእኔ ምርጫ እ.ኤ.አ. በ1898 በመጽሐፍ መልክ በታተመው የኤች. ጂ. ዌልስ «የዓለማት ጦርነት» ውስጥ የሚገኙት ማርሳውያን ናቸው። እነዚህ ፍጡራን አካላቸው ከሞላ ጎደል ጭንቅላት ብቻ ነው፤ በአፋቸው ዙሪያ ዐሥራ ስድስት ልምጭ መሳይ ክንዶች አሏቸው፤ ሆድ ዕቃ ስለሌላቸው የሌላውን እንስሳ ደም በቀጥታ ወደ ራሳቸው ደም ሥር ያስገባሉ። የማርስ የስበት ኃይል ከመሬት 38 በመቶ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ እዚያ 38 ኪሎ የሚከብድ ሸክም እዚህ 100 ኪሎ ይሆናል፤ ስለዚህ መሬት ላይ እንደ ወረዱ ተንፏቃቂዎች ይሆናሉ፣ ለመንቀሳቀስም ባለ ሦስት እግር መኪና ያስፈልጋቸዋል። በመጨረሻ የሚገድላቸው መድፍ ሳይሆን አካላቸው የማያውቀው የመሬት ባክቴሪያ ነው። ልብ ይበሉ፤ አመጋገባቸው፣ መኪናቸውና ሞታቸው እያንዳንዳቸው ከአካላቸውና ከመጡበት ዓለም ይመነጫሉ እንጂ ለማስፈራራት ብቻ ከውጭ የተለጠፉ አይደሉም። እርስዎም የመረጡትን ፍጡር በዚህ መንገድ ሲፈቱት አንዳች የማይያያዝ ክፍል ካገኙ፣ ያ ክፍል ጌጥ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ አካሉን ትተው ዓለሙን ይሥሩ። ብዙ ማወቅ አያስፈልግዎትም፤ ስበቱን፣ አየሩንና ብርሃኑን ከወሰኑ ይበቃል። ስበትን በተመለከተ አንድ ሒሳብ በቃልዎ ይያዙ፦ የአንድ እንስሳ ቁመት፣ ወርድና ውፍረት እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ያድጋል፤ ክብደቱን የሚሸከመው የእግር አጥንት አግድም ሲቆረጥ የሚታየው ገጽ ስፋት ግን የሚያድገው አራት እጥፍ ብቻ ነው። ቤት የሚያህል ሸረሪት በመሬት ስበት ላይ መቆም የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው። ብርሃንን በተመለከተ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 መገኘቷ የተገለጸውን፣ «ፕሮክሲማ ቢ» የተባለችውን ፕላኔት ያስቧት። ከእኛ 4.2 የብርሃን ዓመት ያህል ርቃ፣ ደብዛዛና ቀይ ኮከቧን በ11 ቀን ገደማ ትዞራለች፤ ለኮከቧ በጣም ቅርብ በመሆኗም ሁልጊዜ አንድ ፊቷን ብቻ አዙራባት ልትኖር ትችላለች። በእንዲህ ያለ ዓለም የሚኖር ፍጡር ጀንበር ስትወጣም ስትጠልቅም አያይም። እኛ «ከጠዋቱ አንድ ሰዓት» የምንለው ከፀሐይ መውጣት ጀምረን ስለምንቆጥር ነው፤ እሱ ዘንድ ግን «ጠዋት» የለም፣ «ነገ» የሚለው ቃልም ምናልባት የለም። ቀጠሮ እንዴት እንደሚይዝ መወሰን የእርስዎ ሥራ ነው፤ ከአንዲት እንዲህ ያለች ጥያቄ ሙሉ ምዕራፍ ሊወጣ ይችላል።

አካሉን ለመሥራት ወደ ሰማይ ማንጋጠጥ አያሻም፤ ጅማ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይመልከቱ። ባለ አራት እግር ወንበር በጎረበጠ ደጅ ላይ ሲንገዳገድ፣ በርጩማው የትም ቢያስቀምጡት ይቆማል። ድንጋያማ በሆነ ዓለም የሚኖር ፍጡር ሦስት እግር ቢኖረው ታዲያ ምክንያት አለው። ነገር ግን አንዱን እግር ሲያነሣ በሁለት ብቻ ስለሚቀር፣ ወይ በአንድ ጊዜ መዝለል ወይ እየተሽከረከረ መራመድ ይኖርበታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ «ፊት ለፊት» እና «ኋላ» የሚባል ነገር ላይኖረው ይችላል።

ከበርጩማው ይልቅ የሚበልጠው መምህር ግን ገብረ ጉንዳን ነው። ክረምት ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ገና ሲተን፣ በቡና ዛፎች ሥር ባለ ቀጭን መንገድ ቁጢጥ ብዬ አንድ ሰልፍ ለረጅም ጊዜ ተመልክቻለሁ። ሰልፉ አውራ ጣት ያህል ስፋት ያለው ጥቁር ገመድ ይመስላል። ግራና ቀኙን ጭንቅላተ ትልልቅ ወታደሮች መንጋጋቸውን ከፍተው ወደ ውጭ ዞረው ቆመዋል፤ በመካከላቸው ትንንሾቹ ሠራተኞች ዕጭ ተሸክመው ይፈስሳሉ። አንድ ደረቅ ቅጠል ሰልፉ ላይ ባስቀምጥ የፊተኞቹ ለቅጽበት ተደናገሩ፤ ከዚያ ሰልፉ ቅጠሉን ዞሮ ቀጠለ። ትእዛዝ የሰጠ የለም። እነዚህ ሠራተኞች ዓይን የላቸውም፤ መንገዱን የሚያውቁት በማሽተትና በመነካካት ነው፤ ንግሥቲቱም ዕንቁላል ትጥላለች እንጂ አትገዛም። አሁን ይህንኑ ሰልፍ አንድ ፍጡር ነው ብለው ያስቡት። ዕውር ነው፣ ግን ያያል፤ አንዱ ክፍል ሲሞት አይሞትም፤ «እኔ» ቢል ማንን ማለቱ ነው? (በነገራችን ላይ ይህን ምልከታ ለመድገም የሚፈልግ ሰው ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ይክተት፤ እኔ አልከተትሁም ነበር።)

አሁን የአማርኛ ጸሐፊ ወደሚገጥመው ችግር እንሻገር። «መጣ» ካሉ ፍጡሩ ወንድ ሆነ፤ «መጣች» ካሉ ሴት ሆነች፤ «መጡ» ካሉ ወይ ብዙ ናቸው ወይ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ጾታ የሌለውን ፍጡር ግሱ ራሱ ጾታ ያለብሰዋል። ችግሩ በሌላ መልኩ በእንግሊዝኛም ታይቷል፦ አርሱላ ለጉዊን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመችው «የጨለማ ግራ እጅ» ልቦለድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወንድም ሴትም ያልሆኑትን ጌተን የተባለችውን ፕላኔት ነዋሪዎች በወንድ ተውላጠ ስም በመጥራቷ ተተችታለች። በአማርኛ ሦስት መውጫ ይታየኛል። አንደኛው «እርሳቸው» ማለት ነው፤ ጾታው በአክብሮቱ ውስጥ ይሰወራል፣ ነገር ግን ፍጡሩ ድመት የሚያህል ከሆነ አንባቢ ይስቃል። ሁለተኛው፣ ትንሽና የሚያሳሳ ነገር ብዙ ጊዜ በአንስታይ እንደሚጠራ አስታውሶ «እሷ» ማለት ነው። እኔ የምመርጠው ሦስተኛውን ነው፦ ምርጫውን ለገጸ ባሕርያቱ መተው። አያትየዋ «ገባች?» ብለው ሲጠይቁ፣ ዘበኛው «አዎ እማማ፣ ገባ» ብሎ ሲመልስ፣ ሕፃኗ ደግሞ «እሳቸው ቡና ይጠጣሉ?» ስትል፣ ፍጡሩ ምንም ሳይናገር የሦስቱም ሰዎች ልብ ይታያል። ተራኪው በበኩሉ ግሱን በዙሪያው ላሉት ነገሮች ይስጥ፦ በሩ ተንኳኳ፣ ወለሉ ላይ እርጥብ ዱካ ታየ፣ ስኒው ከረከቦቱ ላይ ተነሣ።

ስለ ንግግሩ አጭር ማስጠንቀቂያ ብቻ አለኝ። የሰው ቋንቋ ወስደው «የማይገባ ድምፅ» አያድርጉት። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የ«ስታር ዋርስ» ፊልም ኒየን ነንብ የተባለው ፍጡር የሚናገረው ኪኩዩኛ ነው፤ ቋንቋውን ለሚያውቅ ኬንያዊ ተመልካች እንግድነቱ እዚያው ያበቃል። አፋን ኦሮሞ፣ ዳውሮኛ፣ ካፊኖኖና የምሳ የሚባሉት ቋንቋዎች በሚሰሙበት የጅማ ገበያ ለሚውል አንባቢማ ይህ ዘዴ ፈጽሞ አያዋጣም። ፍጡሩ በማሽተት ወይም በመነካካት የሚግባባ ከሆነ ደግሞ ከነአካቴው ድምፅ አያስፈልገውም።

ረቂቁ ሲያልቅ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዎች ያንብቡላቸው፤ ቡና የሚፈላበት ሰዓት ይመቻል፣ ምክንያቱም ከአቦል እስከ በረካ ተነሥቶ የሚሄድ የለም። አንብበው ሲጨርሱ «ወደዳችሁት?» ብለው አይጠይቁ፤ በይሉኝታ «አዎ» ይሉዎታልና። ይልቁንስ ለእያንዳንዳቸው ወረቀትና እርሳስ ሰጥተው ፍጡሩን እንዲስሉት፣ ከሥዕሉ ሥርም ምን እንደሚበላ እንዲጽፉ ያድርጉ። ሥዕሎቹ በእግር ቁጥር ቢለያዩ ገለጻው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ይበቃል። ሦስቱም ጭንቅላተ ትልቅ ሰው ስለው ከሥሩ «እንጀራ» ብለው ከጻፉ ግን፣ ረቂቁን አጥፈው ወደ ስበቱ፣ ወደ አየሩና ወደ ብርሃኑ ይመለሱ።