ሱዙኪ ሳሙራይ ላይ የቮልስዋገን ናፍጣ ሞተር ከተገጠመ በኋላ የሚመጡ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሞተሩ ገብቷል፣ ቡሎኑ ጠብቋል፣ ናፍጣው ተሞልቷል። ቁልፉን ስታዞሩ ግን መኪናዋ ያላሰባችሁትን አመል ታሳያለች። ይህን የጻፍኩት ለዚያ ቀን ነው።

የማወራው ስለ ሱዙኪ ሳሙራይ ነው፣ ባሌስትራ ላይ ስለተቀመጠችው ትንሽ ጂፕ። ከፋብሪካ ይዛ የመጣችው 1.3 ሊትር የቤንዚን ሞተር የማዞር ጉልበቱ (ቶርክ) 100 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። እኔ የምኖረው ኮሎራዶ ነው። ደንቨር ራሷ ከባህር ወለል 1,600 ሜትር ከፍ ትላለች፣ የተራራው መንገድ ደግሞ 3,500 ሜትርን ያልፋል። እዚያ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል። በአሮጌ ቤንዚን መኪና እንጦጦን የወጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው የቮልስዋገን ጄታን ወይም ጎልፍን 1.9 ሊትር ቲዲአይ (ባለ ቱርቦ ናፍጣ) ሞተር የሚገጥምባት። ኤኤልኤች የሚባለው፣ አሜሪካ ውስጥ እስከ 2003 ሞዴል የተሸጠው፣ 90 የፈረስ ጉልበት አለው። 210 ኒውተን ሜትሩን ደግሞ ገና በደቂቃ 1,900 ዙር ላይ ይሰጣል። ለዳገትና ለድንጋይ የሚፈለገው ይሄ ነው።

ወደ ችግሮቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል። ሞተሩ የወጣበት ጄታ ላይ እያለ ደህና ይሠራ ከነበረ፣ ቶሎ ብላችሁ ኢንጀክተር አታስፈቱ፣ ቱርቦም አትግዙ። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሁለቱ መኪናዎች የተጋጠሙበት ቦታ ላይ ነው። እጃችሁ የነካውን፣ የቆረጣችሁትን፣ ያስረዘማችሁትን ቀድማችሁ እዩ። ከዚያ ደግሞ ጄታው ላይ ቀርቶ ያልመጣ ነገር ምን እንዳለ ጠይቁ።

ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል

አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ሠርቶ ቀጥ ይላል። ደግማችሁ ስታስነሱት ያንኑ ያህል ሠርቶ ይጠፋል። ሰዓት የተሞላለት ይመስል ሁሌም እኩል ከሆነ ናፍጣ አይደለም፣ ኢሞቢላይዘር (መኪና እንዳይሰረቅ ሞተሩን የሚያጠፋው መቆለፊያ) ነው። የናፍጣ እጥረት ሞተሩን እያንተፋተፈ ነው የሚያጠፋው፣ ጊዜውም አንዴ ይረዝማል አንዴ ያጥራል።

ምክንያቱ ኮምፒውተሩ የለመደውን ዳሽቦርድና ቁልፍ ማጣቱ ነው። መፍትሄው ሁለት ነው። ወይ ዳሽቦርዱን፣ ቁልፉንና ቁልፉን የሚያነበውን ቀለበት ከዚያው ከጄታው አምጥታችሁ አንድ ላይ ትገጥማላችሁ፣ ወይ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከኮምፒውተሩ ላይ ኢሞቢላይዘሩን ያጠፋላችኋል። ጄታው ገና ሳይፈርስ ይህን ያሰበ ሰው ከብዙ ልፋት ይድናል።

ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም

መጀመሪያ ቁልፉን ከፍታችሁ የካንዴሊታውን (ናፍጣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቀውን) መብራት እዩ። ጭራሽ ካልበራ ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ አላገኘም ማለት ነው። 109 ቁጥር የተጻፈበት ሪሌ ውስጡ ያለው ብየዳ እየተሰነጠቀ በዚህ ሞተር ላይ የታወቀ ችግር ያመጣል። ርካሽ ስለሆነ አዲስ ግዙ። ሽቦውን ስታሳጥሩ ሪሌውን ከነጭራሹ አውጥታችሁትም ሊሆን ይችላል።

መብራቱ ከበራ ወደ ናፍጣ ፖምፓው ሂዱ። አናቱ ላይ አንድ ሽቦ የሚገባበት የናፍጣ መዝጊያ አለ። ቁልፍ ሲከፈት 12 ቮልት ማግኘት አለበት፣ ጣት ቢያስቀምጡበትም ቀጭ ሲል ይሰማል። ካላለ ሽቦውን ተከተሉ።

ካለ ደግሞ ናፍጣው ራሱ ይፈተሻል። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው የሚሄደውን ጎማ አውጥታችሁ በምትኩ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ቱቦ ግጠሙ። ሰው ሞተሪኖውን ያዙርላችሁ፣ እናንተ ቱቦውን እዩ። አንድ ሁለት ትንንሽ አረፋ አያስጨንቅም። ሳያቋርጥ እንደ ክር የሚሄድ አረፋ ከሆነ ግን የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው። ፊልትሮው ላይ ባለው ባለአራት አፍ መጋጠሚያ የሚገቡትን ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች፣ ከዚያም ከአሮጌዋ ሳሙራይ የቀረውን ጎማ ሁሉ ተጠራጠሩ። ከውጭ ደህና የሚመስል የሠላሳ ዓመት ጎማ ናፍጣ ሳያፈስ አየር ይስባል።

ይነሳል፣ ዳገት ላይ ግን ይታፈናል

ይሄኛው ለሦስት ሳምንት አልገባኝም ነበር፣ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልንገራችሁ። ሜዳ ላይ ጥሩ ትሄዳለች። ዳገት ላይ ፔዳሉን ስጫነው 2,500 ዙር አካባቢ ጉልበቷ ይሞታል። ስካነር ምንም ስህተት አያሳይም። አንድ ጋራዥ ኢንጀክተሮቹ ይቀየሩ አለኝ።

የፈታልኝ ጀሪካን ነው። ንጹህ ናፍጣ የሞላ ጀሪካን ሞተሩ አጠገብ በደንብ አሰርኩና የመሳቢያውንም የመመለሻውንም ቱቦ እዚያ ውስጥ ከተትኳቸው። ሰው የሌለበት አጭር ዳገት ላይ ወጣሁ፣ መኪናዋ እንደ ጥይት ሄደች። እንግዲህ ሞተሩም፣ ፖምፓውም፣ ኢንጀክተሩም ደህና ናቸው፣ ችግሩ ከፊልትሮው ወደ ኋላ ነው ማለት ነው።

ታንኩን ሳወርደው የቤንዚኑ ኤሌክትሪክ ፖምፓ ውስጡ ተቀምጧል። ካርቡሬተር ያላቸው ሳሙራዮች ይሄ የላቸውም፣ ኢንጀክሽን ያላቸው ግን አላቸው። ሽቦውን ቆርጬ ትቼው ነበር። የኤኤልኤች ፖምፓ ናፍጣውን ከታንክ ድረስ ራሱ ነው የሚስበው፣ እኔ ደግሞ የማይዞር ፖምፓ መንገዱ ላይ ገትሬበት ኖሯል። አወጣሁትና በቦታው ባዶ ቱቦ ገጠምኩ፣ በዚያው አለቀ።

ታንኩ ከወረደ አይቀር በደንብ ይታጠብ፣ ይድረቅ። የናፍጣ ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው፣ የተረፈ ቤንዚን ይጎዳዋል። የዝገት ዱቄትማ ይገድለዋል።

በስሎው (ፔዳል ሳይረገጥ) ይሠራል፣ ፔዳል ስትረግጡ ዝም ይላል

የዚህ ሞተር ፔዳል በገመድ አይደለም የሚሠራው፣ በሽቦ ነው። የጄታውን ፔዳል ከነሴንሰሩ ማምጣት ግድ ነው። ኮምፒውተሩ የፔዳሉን ምልክት ካላመነ ሞተሩን ከተለመደው ትንሽ ከፍ ባለ ዙር ላይ አስቀምጦ ይተዋችኋል። የሴንሰሩን ሽቦዎችና የመሬት (ኔጌቲቭ) ሽቦውን ፈትሹ።

ካንዴሊታ መብራቱ እየሄዳችሁ ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ የፍሬን ስዊች ነው። የቮልስዋገኑ ኮምፒውተር ከፍሬን ፔዳል ሁለት ምልክት ይጠብቃል፣ አንዱ ሲረገጥ የሚበራ፣ ሌላው ሲረገጥ የሚቋረጥ። የሱዙኪው ስዊች የሚሰጠው አንዱን ብቻ ነው። የጄታውን ባለ ሁለት ስዊች ከሱዙኪው ፔዳል ጋር አስማሙት።

ፍሬኑ ደረቀ፣ ቱርቦውም ሰነፈ

እነዚህን አብሬ ያነሳኋቸው አብረው ስለሚመጡ ነው። ሰው ግን ለየብቻ ይፈልጋቸዋል።

የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ ለፍሬኑ ሰርቮ (እግራችሁን ለሚያግዘው ክፍል) የሚሆን ቫኪዩም ይፈጥራል። ናፍጣ ሞተር ያንን አይፈጥርም። ኤኤልኤች ላይ ቫኪዩሙን የሚሠራው ቴስታታው ጫፍ ላይ ያለች፣ ካምሻፍቱ የሚያዞራት ፖምፓ ናት። ታዲያ ያቺው አንዷ ፖምፓ ለቱርቦውም ትሠራለች፣ የቱርቦውን ምላሶች የሚያንቀሳቅሰው ያው ቫኪዩም ነውና። የሱዙኪው አሮጌ ሰርቮ ወይም ቱቦው ቀዳዳ ካለው ፍሬኑም ይደርቃል፣ ቱርቦውም ይሰንፋል። ሰው ቱርቦ ይገዛል፣ ቀዳዳው ግን ፍሬኑ ጋ ነው።

መጀመሪያ ፍሬኑን ፈትኑ። ሞተር ጠፍቶ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጡ፣ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር እንደረገጣችሁት ያዙትና አስነሱ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ዝቅ ማለት አለበት። ዝቅ ካላለ ቫኪዩም አልደረሰም፣ ወይ ቱቦው ላይ ያለው የአንድ አቅጣጫ መዝጊያ ተገልብጦ ገብቷል፣ ወይ ሰርቮው ተቀዷል። ይህ ሳይስተካከል ከግቢ አትውጡ። ቀጥ ያለ ቁልቁለት ላይ ሰርቮ ሳይኖር መገኘት ምን እንደሆነ ማወቅ አያስፈልጋችሁም።

ቀጥሎ መኪናዋ ቆማ የሰርቮውን ቱቦ ለጊዜው ድፈኑና ቫኪዩሙን በመለኪያ ለኩ። ሲደፈን ከፍ ካለ ቀዳዳው ሰርቮው ጋ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ። መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር የባህር ጠረፍ ነው። ደንቨርም አዲስ አበባም ላይ አየሩ ራሱ ስለሚሳሳ መለኪያው ዝቅ ብሎ ያነባል፣ ፖምፓዋ ተበላሽታለች ብላችሁ እንዳትጥሏት።

ቱርቦው ጥሩ እየሠራ ዳገት መሃል ላይ በድንገት ከጠፋና ሞተሩን አጥፍታችሁ ስታስነሱት ከተመለሰ ግን ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ ግፊቱ ከልክ አልፎበት ራሱን እየጠበቀ ነው። ምላሶቹ በጥላሸት ተይዘዋል፣ ወይም ቀጫጭኖቹ የቫኪዩም ቱቦዎች ተለዋውጠው ተሰክተዋል። ቱቦዎቹን ቀድማችሁ እዩ፣ በተለይ ስታስረዝሟቸው ጭስ ማውጫው አጠገብ ካለፉ። ከዚያ የቱርቦውን ዘንግ በእጅ ቫኪዩም ፖምፓ ሳቡት። ሳይንቀረፈፍና ሳይያዝ መሄድና መመለስ አለበት።

ይሞቃል

ቀስ ብላችሁ ስትሄዱ ብቻ ከሞቀና አውራ ጎዳና ላይ ከበረደ ማራገቢያው ነው። ወረቀት ወስዳችሁ ማራገቢያው እየሠራ ፊት ለፊት ፍርግርጉ ላይ አስጠጉት። ከተለጠፈ ደህና ነው። ከገፋው ሽቦው ተገልብጧል፣ አየሩን ወደ ፊት እየተፋ ነው።

ሁሌም ከሞቀ አየር ታምቆ ይሆናል። የሱዙኪው ራዲያተር አጭር ነው፣ የቮልስዋገኑ ቴስታታ ከሱ በላይ ይቀመጣል። የውሃ ማስፋፊያውን ጠርሙስ ከሁሉም በላይ ስቀሉት። በሁለቱም አትዝጉት፣ ወይ የራዲያተሩ ክዳን ወይ የጠርሙሱ ክዳን ነው ግፊቱን መያዝ ያለበት። የሱዙኪው ጌጅ ከቮልስዋገኑ ሴንሰር ጋርም አይግባባም፣ ውሸት ሊያነብ ይችላል። ከመደንገጣችሁ በፊት በስካነር የእውነቱን ዲግሪ እዩ።

የፍሪሲዮን ገመዱ ይግላል

ሞተሪኖው ሲያዞር የፍሪሲዮን ገመዱ ከጋለ ወይም ጎማ ጎማ ከሸተተ ቁልፉን ወዲያው ልቀቁ። ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄደው ወፍራም የመሬት ገመድ ተረስቷል። የሞተሪኖው ኤሌክትሪክ መመለሻ አጥቶ በቀጭኗ የፍሪሲዮን ገመድ እያለፈ ነው። ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ፣ ከሞተሩ ወደ ሻንሲው፣ ቀለሙ ተፍቆ በብረት ላይ እሰሩ። ዲናሞው ካልሞላም የባትሪው መብራት ሽቦ ዲናሞው ጋ መድረሱን እዩ፣ ያለሱ አይቀሰቀስም።

ዘይትና ሰማያዊ ጭስ

ሞተሩ ጄታው ላይ ዘንበል ብሎ ነበር የተቀመጠው። ሳሙራዩ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ የዘይት መለኪያው ዘንግ ይዋሻል። የዘይት መያዣውን ካልቀየራችሁ 4.5 ሊትር ገደማ ከነፊልትሮው ሙሉና ዘንጉ ላይ አዲስ ምልክት አድርጉ።

ሰማያዊ ጭስ ካለ ከቱርቦው ሥር የሚወርደውን የዘይት መመለሻ ቱቦ እዩ። ሳይታጠፍና ሽቅብ ሳይወጣ ወደ ታች ብቻ መውረድ አለበት። ካልወረደ ዘይቱ በቱርቦው በኩል ወደ ሞተሩ ይገባል፣ ናፍጣ ሞተር ደግሞ ዘይትም ያቃጥላል። ከባሰ ሞተሩ ቁልፍ ቢዘጋም ራሱን በራሱ እያስጮኸ ይሮጣል። እንዲህ ከሆነ በከፍተኛ ማርሽ ላይ ፍሬን ይዛችሁ ፍሪሲዮኑን በመልቀቅ አፍኑት፣ ወይም የአየር መግቢያውን በጠንካራ ሳንቃ ድፈኑ። እጃችሁን አታስጠጉ።

ይንቀጠቀጣል፣ ይንሸራተታል

በ4ኛ ማርሽ ስትጫኑት ዙሩ ከወጣና ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ ነው። ለ100 ኒውተን ሜትር የተሠራ ነገር 210 አይችልም። ጠንከር ያለ ግጠሙ።

ፍሪሲዮን ስትረግጡ ከካምቢዮው ጩኸት ከመጣ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ሳህን መሃሉን ስቶ ይሆናል። ሰዓት በሚመስለው መለኪያ (ዳያል ጌጅ) ካልተለካ ኩሽኔታ ብትቀይሩም ደግሞ ይበላል። ንዝረቱ ከፍጥነት ጋር ከጨመረ ደግሞ ከካምቢዮው ወደ ትራንስፈሩ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ ወደሚያካፍለው ሳጥን) የምትሄደውን አጭር ትራንስሚሲዮን ማዕዘን እዩ፣ ሞተሩን ስትገጥሙ የካምቢዮው ጅራት ወርዶ ወይም ወጥቶ ይሆናል።

አውራ ጎዳና ላይ ሞተሩ በጣም ከጮኸ የተበላሸ ነገር የለም፣ ሒሳብ ነው። የሳሙራይ ትራንስፈር የጥርስ ጥምርታ በሃይ (በፈጣኑ ማርሽ) 1.409፣ የዲፈረንሻሉ 3.727 ነው። በ27 ኢንች ጎማ፣ በ4ኛ ማርሽ፣ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትሄዱ ሞተሩ 4,060 ዙር ገደማ ይዞራል። ለናፍጣ ብዙ ነው። 31 ኢንች ጎማ ወደ 3,540 ያወርደዋል፣ 5ኛ ማርሽ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ያደርገዋል። ጉልበቱ ስላለ ትልቁን ጎማ ይችለዋል።

በሎው (በዝግታው የትራንስፈር ማርሽ) ድንጋይ ላይ ስትወጡ ከሥር ጓ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ትራንስፈሩን የያዙትን ሦስት ክንዶች እዩ። አዲሱ ጉልበት ቀድሞ የሚሰብረው እነሱን ነው። መብራት ይዛችሁ ሥር ግቡ፣ ክንዱ ከሻንሲው የሚገናኝበትን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ፈልጉ። ካገኛችሁ አስበይዱና ማጠናከሪያ ብረት አስጨምሩበት። ካላገኛችሁም ከሚቀጥለው ጉዞ በኋላ ደግማችሁ እዩ።