ቃሪያው ጫፉ ተቃጠለ፦ የድሬ ፖት ተክሎች ችግርና መፍትሄ

ባለፈው ግንቦት በረንዳዬ ላይ ያለው ቃሪያ ቅጠሉ ጫፍ ጫፉን ቡናማ እያለ መድረቅ ጀመረ። ጎረቤቴ እማማ በአጥር በኩል አየችውና «ርቦታል፣ ማዳበሪያ ስጠው» አለችኝ። (አንቱታው የት ሄደ እንዳትሉኝ። ድሬ ነን።) ዩሪያ በተንኩበት። በአራተኛው ቀን ግማሽ ቅጠሉን አራግፎ ቆመ። ጥፋቱ የሷ አይደለም፤ ቅጠሉን በቅጡ ሳላይ መድኃኒት ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ከማፍሰሴ በፊት ሁለት ነገር አያለሁ። የታመመው ከታች ያለው አሮጌ ቅጠል ነው ወይስ ጫፍ ላይ ያለው አዲሱ? ቅጠሉን ስገለብጠውስ ከሥሩ ምን አለ? እዚህ ከተማ የፖት ተክል ሲታመም ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ረሃብም ትልም አይደለም። ውሃችንና ፀሐያችን ነው።

ጫፉና ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ

ይሄ የድሬ ዋና በሽታ ስለሆነ ረዘም ላድርገው። ሻይ የምታፈሉበትን ማንቆርቆሪያ ክዳኑን አንሱና ውስጡን እዩ። ያ በጥፍር የማይነሳ ነጭ ቅርፊት ከውሃው የቀረ ኖራ ነው። የምንጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ካልሲየሙ ብዙ ነው። ፖት ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ውሃው ይተናል፣ ኖራውና ጨዉ ይቀራል። መሬት ላይ የተተከለ ቢሆን ዝናብ ወደ ታች ያጥብለት ነበር። ፖት ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። ጨው ሲበዛ ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፤ የተሳበው ጨው ደግሞ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ሄዶ ይጠራቀማል። ጫፉ ቀድሞ የሚቃጠለው ለዚህ ነው። ዩሪያም ፖት ውስጥ የጨውን ሥራ ነው የሚሠራው። በቁስል ላይ እንጨት ሰደድኩበት ማለት ነው።

ለማረጋገጥ አፈሩ ላይ ወይም ሸክላው ውጪ ላይ ነጭ ዱቄት መኖሩን እዩ። ቆንጠር አድርጉና አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ቸስ ብሎ አረፋ ካወጣ ኖራ ነው።

መፍትሄው ማጠብ ነው። ፖቱ 10 ሊትር የሚይዝ ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሊትር ውሃ ቀስ እያላችሁ አሳልፉበት፤ ከሥር የሚወርደው ሳህን ላይ እንዳይተኛ። የቧንቧው ውሃ ራሱ ኖራ ቢኖረውም ያጥባል፤ አፈሩ ውስጥ የተጠራቀመው ከሱ ይብሳልና። «ለሰው የጠፋ ውሃ ለቃሪያ?» ካላችሁ እውነታችሁን ነው። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ እኔም አላደርገውም። የላይኛውን 3 ጣት አፈር አንስቼ በኮምፖስት እተካና ሐምሌን እጠብቃለሁ። ዝናቡ ሲመጣ ፖቶቹን ከጣራ ሥር አውጥቼ ግቢው መሃል አሰልፋቸዋለሁ። ከቆርቆሮው የሚወርደውንም በበርሜል እይዛለሁ። የመጀመሪያው ግን የከረመ አቧራና የወፍ ኩስ ነው፣ ይፍሰስ። ኤሲ ያላችሁ ደግሞ ከቱቦው የሚንጠባጠበውን ውሃ አትድፉት፤ ኖራ የለውም። ለአበባ ግሩም ነው፣ ለሚበላ ነገር ግን አልደፍርም።

የተቃጠለ ጫፍ ተመልሶ አይለመልምም፣ አትጠብቁት። አዲሱ ቅጠል ንጹህ ሆኖ ከወጣ ድኗል።

ቅጠሉ ቢጫ፣ ጅማቱ አረንጓዴ ከሆነ

አዲሱ ቅጠል ላይ ከሆነ የአይረን (የብረት ማዕድን) እጥረት ነው። ሎሚ ላይ በጣም ይታያል። የሚገርመው አይረኑ አፈሩ ውስጥ አለ፤ ኖራው አስሮ አይለቀውም እንጂ። ሚስማር ቅበሩበት የሚሏችሁን አትስሙ። ኖራ ያለበት አፈር ውስጥ ዝገት አይሟሟም፤ እኔ ሎሚ ሥር አንድ እፍኝ ቀብሬ ያተረፍኩት የተወጋ ጣት ነው። የእርሻ መድኃኒት መሸጫ ስትሄዱ ኬሌት የሆነ (ኖራው እንዳያስረው ተደርጎ የተሠራ) አይረን በሉ፤ ለኖራማ አፈር የሚሆነው ኢዲዲኤችኤ የሚባለው ዓይነት ነው። እስከዚያ ለ5 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ አቼቶ አድርጎ ማጠጣት ትንሽ ይረዳል። ትንሽ ነው ያልኩት።

ያው መልክ ከታች ባለው አሮጌ ቅጠል ላይ ከታየ የማግኒዚየም እጥረት ነው። አሮጌው ቅጠል ጅማቱን ጨምሮ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ከሆነ፣ ጫፉም ካልተቃጠለ፣ ያኔ እማማ ልክ ናት፤ ርቦታል። ኮምፖስት ስጡት።

ቀን ከጠወለገ

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በግንቦት ፀሐይ ማን ያልጠወለገ አለ? ሥሩ ከሚስበው ይልቅ በቅጠሉ የሚወጣው ውሃ ሲበልጥ ተክሉ ይተኛል። ማታ ከተነሳ ምንም አልሆነም፣ አቦ ተዉት። ንጋት 12 ሰዓትም እንደተኛ ከሆነ ግን ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። ደረቅ ከሆነ አጠጡ። እርጥብ ሆኖ ከጠወለገ ሥሩ እየበሰበሰ ነው፤ ውሃ መጨመር መግደል ነው። ፖቱን ገልብጣችሁ ቀዳዳውን እዩ። የቀለም ቆርቆሮና የዘይት ጀሪካን ላይ ተክሎ መብሳት መርሳት የተለመደ ነው። በጋለ ሚስማር 5 ቦታ ብሱት፣ አፈሩ ላይ አሸዋ ቀላቅሉበት፣ ጠቁሮ የላመውን ሥር ቁረጡ።

ቆርቆሮና ጥቁር ፕላስቲክ ሌላም ጣጣ አላቸው። ከሰዓት በኋላ ጎኑን በመዳፋችሁ ንኩት። እጃችሁን ካቃጠለ ሥሩንም እያቃጠለው ነው። የማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሉለትና ከሲሚንቶው ወለል ላይ በሁለት ጡብ ከፍ አድርጉት።

አንድ ጎኑ ብቻ ነጣ ካለ

በምዕራብ በኩል ያለው ቅጠል ነጥቶ እንደ ወረቀት ከደረቀ፣ በሌላው በኩል ያለው ደህና ከሆነ፣ የፀሐይ ቃጠሎ ነው። በሽታ ብዙውን ጊዜ ጎን አይመርጥም፤ ፀሐይ ግን ትመርጣለች። ከሐረር ጤና አዳም ይዛችሁ ስትወርዱ ይሄ ይደርሳል። ሐረር ከኛ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፣ ቀዝቀዝ ትላለች። ለአንድ ሳምንት ጥላ ሥር አሳርፉት፣ ከዚያ የጠዋት ፀሐይ ብቻ እያሳያችሁ አለማምዱት።

በጥቃቅን ነጠብጣብ ከተሞላ

ቅጠሉ በመርፌ የተጠቀጠቀ መስሎ ፈዘዝ ካለ ነጭ ወረቀት ከሥሩ ያዙና ቅጠሉን ነካ ነካ አድርጉት። ወረቀቱ ላይ የወደቀው አቧራ መራመድ ከጀመረ ቀይ ሸረሪት ናት። በጣት ስትጠርጓት ቀላ ያለ ጭረት ትተዋለች፤ ስትበዛ ድር ታደራለች። ሙቀትና ድርቅ ነው ደስታዋ፤ በ30 ዲግሪ ከእንቁላል እስከ መውለድ አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃታል። ለ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ቀላቅሉና የቅጠሉን የታችኛውን ገጽ፣ አዎ የታችኛውን፣ እርጩ። የዱቄት ሳሙና አይሆንም፣ ያቃጥላል። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩ፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ ይሁን። ሳሙናው እንቁላሉን ስለማይገድል በ5 ቀን ልዩነት 3 ጊዜ ድገሙት። ብዙ ሰው አንዴ ረጭቶ «አልሠራም» የሚለው እዚህ ላይ ነው።

ቀንበጡ ተጠቅልሎ የሚያጣብቅ ከሆነ ክሽክሽ (የቅጠል ፈሳሽ የምትመጥ ትንሽ ነፍሳት) ነው፤ ያው ሳሙና ይሠራል። ግንዱ ላይ ጉንዳን ተሰልፎ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አስወግዱ። ክሽክሽ የምታወጣውን ጣፋጭ ስለሚልስ እንደ ከብት ይጠብቃታል።

ቅጠሉ ጠርዙ ተበልቶ ግማሹ ከነቀንበጡ ከሌለስ? ለሱ መድኃኒት የለኝም። የኔ ቃሪያ ከዩሪያው አገግሞ 3 ፍሬ እንደያዘ፣ አንድ ጠዋት የግቢው በር ክፍት ሆኖ የእማማ ወጠጤ ገብቶ ነበር። «ርቦታል» ያለችው ለካ ስለሱ ነው።