መዝገብን በአሬይ ሲይዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መንዝ ውስጥ ያለ አንድ የበግ አርቢዎች ማኅበር መዝገቡን ከደብተር ወደ ድር መተግበሪያ ሊያዛውር ነው እንበል። ለእያንዳንዱ በግ የጆሮ ቁጥር፣ የእናቱ የጆሮ ቁጥር፣ ጾታ፣ የተወለደበት ቀን፣ የባለቤቱ ስምና ስልክ ይያዛል። ሲወለድ፣ በ3 ወሩና በ6 ወሩ የተመዘነው ክብደትም ይመዘገባል። የትኛው ጠቦት ለዘር እንደሚቀር፣ የትኛው ወደ መሃል ሜዳ ገበያ እንደሚወጣ የሚወሰነው በዚህ መዝገብ ነው። ስለዚህ እዚህ የሚፈጸም የኮድ ስህተት ስክሪን ላይ አይቀርም፤ የማይሆን አውራ በግ መንጋው ውስጥ ያስቀራል።

ምሳሌው የበግ ነው እንጂ ስህተቶቹ በሚንጃር የጤፍ መረከቢያም ሆነ በደብረ ብርሃን የሱቅ ዕቃ መዝገብ ላይ ያው ናቸው። የምንጠቅሳቸው የፕሮግራም ቋንቋዎች ጃቫስክሪፕትና ፒኤችፒ ናቸው። አሬይ የምንለው ብዙ ነገሮችን በተራ የሚይዝ ዝርዝር ነው፤ ኢንዴክስ ደግሞ በዝርዝሩ ውስጥ ያለ የቦታ ቁጥር ነው፣ ከ0 ይጀምራል።

ስህተት 1፦ አንዱን በግ በብዙ አሬይ መበተን

አንድ አሬይ ለጆሮ ቁጥር፣ አንድ ለባለቤት፣ አንድ ለክብደት። በኢንዴክስ 4 ያለው ቁጥር በኢንዴክስ 4 ካለው ክብደት ጋር ይገናኛል ተብሎ ይታመናል። ሦስቱ አሬዮች እኩል እስከሄዱ ድረስ ይሠራል። ክብደቱን ለመደርደር «ሶርት» የተጠራ ዕለት ግን የክብደቱ አሬይ ብቻውን ቦታ ይለዋወጣል፤ የጆሮ ቁጥሮቹ ባሉበት ይቀራሉ። ምንም የስህተት መልእክት አይወጣም። ሠንጠረዡ ንጹሕ ነው፤ 14 ኪሎ የመዘነው ጠቦት ግን የጎረቤት በግ ሆኗል።

ብዙ ሰው ወደዚህ ስህተት የሚገባው ሳያስበው፣ በፎርም በኩል ነው። በፒኤችፒ የእያንዳንዱ ሳጥን ስም መጨረሻ ላይ ባዶ ቅንፍ ከተደረገ የጆሮ ቁጥሮቹ በአንድ አሬይ፣ ክብደቶቹ በሌላ አሬይ ሆነው ይደርሳሉ። «ተከትቧል» የሚል ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ሲጨመር ነገሩ ይፈርሳል፤ ብራውዘር ምልክት ያልተደረገበትን ሳጥን ጭራሽ አይልከውምና። ከ10 በጎች 2ኛው ካልተከተበ የክትባቱ አሬይ 9 አባላት ይኖሩታል፤ ከ2ኛው ጀምሮ ሁሉም በአንድ ቦታ ወደ ላይ ይሳባሉ። የ3ኛው በግ ክትባት ለ2ኛው ተጽፎ፣ የመጨረሻው በግ ቢከተብም እንዳልተከተበ ይቆጠራል።

መፍትሔው አንድ በግ አንድ ኦብጀክት (የአንድ ነገር መረጃ ሁሉ የተሰበሰበበት መዝገብ) እንዲሆን ማድረግ ነው። በፒኤችፒ ከሆነ ስም ባላቸው ኪዎች (እያንዳንዱ መረጃ በሚጠራባቸው መጠሪያዎች) የተሠራ አንድ አሬይ ይሁን። ፎርሙም ላይ ቅንፉን ባዶ አይተዉት፤ በጎች[0047][ክብደት] እንደማለት የበጉን መለያ ይጻፉበት። ክብደቶቹን ደግሞ ክብደት1፣ ክብደት2 እያሉ አያባዙ፤ ቀንና ኪሎ የያዙ ትንንሽ መዝገቦች አድርገው በበጉ ኦብጀክት ውስጥ በአንድ አሬይ ይደርድሯቸው። ነገ በ9 ወርም ይመዘን ቢባል ኮዱ አይነካም።

ስህተት 2፦ ኢንዴክስን መታወቂያ ማድረግ

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በግ በረት ውስጥ ቦታውን ይለዋውጣል፤ ከበሩ ሦስተኛ የቆመው ትናንትም ሦስተኛ ነበር ብሎ የሚያምን እረኛ የለም። ኢንዴክስም የቆሙበት ቦታ ቁጥር እንጂ የበጉ ስም አይደለም።

በረድፉ ላይ ያለው «ሰርዝ» ቁልፍ ወደ ሰርቨር 12 ቁጥርን ይልካል እንበል። ገጹ ከተከፈተ በኋላ ሞላሌ ያለው መዝጋቢ አንድ የሞተ በግ ከላይ ሰርዞ ከሆነ፣ 12 ላይ ያለው አሁን ሌላ በግ ነው። ተጠቃሚው በስም ፈልጎ ወይም በክብደት ደርድሮ ከሆነም ስክሪኑ ላይ 12ኛ የሆነው በዋናው አሬይ 12ኛ አይደለም። በሪአክት (በጃቫስክሪፕት የገጽ መሥሪያ) ለረድፎቹ ኢንዴክስን ኪ አድርጎ መስጠትም ከዚሁ ይመደባል፤ ከመሃል አንድ ረድፍ ሲጠፋ በሳጥኑ ውስጥ የተጻፈው ቁጥር ወደሚቀጥለው በግ ይተላለፋል።

በዚሁ ዙሪያ ሁለት ወጥመዶች አሉ። «ፋይንድኢንዴክስ» የፈለጉትን ሲያጣ የሚመልሰው -1 ነው። ይህን ሳያረጋግጡ ከአሬይ ለሚሰርዘው «ስፕላይስ» ቢሰጡት -1 ማለት «ከመጨረሻው አንድ» ማለት ስለሆነ፣ የሌለ በግ ለመሰረዝ ሲሞክሩ የመጨረሻው በግ ይሰረዛል። ሁለተኛው፣ ውጤቱን «ካለ» ብለው በባዶው መፈተን ነው፤ ኢንዴክስ 0 በጃቫስክሪፕት እንደ ሐሰት ስለሚቆጠር የመጀመሪያው በግ ምንጊዜም «አልተገኘም» ይባላል። ሁልጊዜ ከ -1 ጋር ያነጻጽሩ።

ታዲያ የጆሮ ቁጥሩ መለያ ይሁን? ለብቻው አይበቃም። የጆሮ መለያ ወድቆ በአዲስ ቁጥር ይተካል፤ ሁለት ማኅበራትም አንድ ዓይነት ቁጥር ሊጠቀሙ ይችላሉ። መዝገቡ ሲፈጠር የማይለወጥ መለያ ይስጡት፣ የጆሮ ቁጥሩ ግን እንደማንኛውም መረጃ ሊታረም የሚችል ይሁን። የብራውዘሩ «ራንደም ዩዩአይዲ» 36 ቁምፊ ያለው መለያ ይሠራል። የሚሠራው ግን ገጹ በኤችቲቲፒኤስ ሲከፈት ነው፤ በቢሮው ውስጣዊ ኔትወርክ በተራ ኤችቲቲፒ ከከፈቱት ፈንክሽኑን አያገኙትም። የእናትየውም መረጃ በዚህ መለያ ይያያዝ።

ስህተት 3፦ የሰው ስም ኪ ማድረግ

የባለቤቱን ስም ኪ አድርጎ በጎቹን ከሥሩ መሰብሰብ ለአማርኛ መዝገብ በተለይ አደገኛ ነው። አንዱ መዝጋቢ «ኃይለ ማርያም»፣ ሌላው «ሀይለማርያም»፣ ሦስተኛው «ኀይለማሪያም» ብሎ ይጽፋል። ለአንባቢ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ኪዎች ናቸው። የአንድ ገበሬ 15 በጎች በሦስት ሰዎች ስም ይበተናሉ።

ባለቤቱም የራሱ መለያ ይኑረው። ለፍለጋ ደግሞ ከዋናው ስም ጎን የተስተካከለ ቅጂ ያስቀምጡ፦ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ በሰባቱም እርባታቸው። ሃ፣ ሓ እና ኃንም ወደ ሀ ያምጡ፣ ዓን ወደ አ፤ ክፍት ቦታውን ያጥፉ። ባለቤቱ ራሱ የጻፈውን ፊደል ግን አይንኩት፤ ሲታተም የሚወጣው እሱ ነው።

ፒኤችፒ ላይ ሌላም ነገር አለ። ፊደል በኮምፒውተር በሚቀመጥበት በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ጣርማበር» 5 ፊደል ቢሆንም ርዝመት የሚቆጥረው «ስትርሌን» 15 ይላል። ስሙን በ10ኛው ባይት ላይ ቢቆርጡት አራተኛው ፊደል ይሰበራል፤ መረጃን ወደ ጄሰን (ለመላክና ለማስቀመጥ ወደሚመች ጽሑፍ) የሚቀይረው «ጄሰን ኢንኮድ» ደግሞ የተሰበረ ፊደል ሲያጋጥመው ሐሰት ስለሚመልስ ሙሉው ዝርዝር ይጠፋል። የባለብዙ ባይት ፈንክሽኖቹን፣ «ኤምቢ» ብለው የሚጀምሩትን፣ ይጠቀሙ።

ስህተት 4፦ ቁጥር የሚመስለውን ሁሉ ቁጥር፣ ቁጥሩን ደግሞ ጽሑፍ ማድረግ

የጆሮ ቁጥር 0047 ወደ ቁጥር ሲቀየር 47 ይሆናል። በ09 የሚጀምር ስልክም መነሻ ዜሮውን ያጣል። የማይደመርና የማይቀነስ ነገር በስትሪንግ (በጽሑፍነት) ይቀመጥ። ፒኤችፒ «47» የሚለውን የአሬይ ኪ ሳይጠይቅ ወደ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ይቀይራል፤ «0047»ን ግን እንዳለ ይተወዋል። በአንድ አሬይ ውስጥ ሁለቱ ዓይነት ኪዎች ከተቀላቀሉ የዓይነት ልዩነት የሚለይ ንጽጽር ያሳስታል።

ክብደት ደግሞ በተቃራኒው ነው። ከፎርም የሚመጣው ሁሉ ስትሪንግ ነው፤ በጃቫስክሪፕት ሁለት ስትሪንጎች ሲነጻጸሩ «9.5» ከ«14» ይበልጣል፤ ንጽጽሩ ከመጀመሪያው ቁምፊ ይጀምራል፣ 9ም ከ1 ይበልጣልና። ከመቀመጡ በፊት ወደ ቁጥር ይቀይሩት። ከተቀየረም በኋላ «ሶርት» ያለ ማነጻጸሪያ ፈንክሽን ከተጠራ ቁጥሮቹን እንደ ጽሑፍ ነው የሚደረድራቸው፦ 9፣ 14፣ 100 የነበረው 100፣ 14፣ 9 ሆኖ ይወጣል። በኦብጀክቶች አሬይ ላይ ያለ ማነጻጸሪያ ቢጠሩት ጭራሽ ምንም አይደረድርም፤ ሁሉም ኦብጀክት ወደ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ስለሚለወጥ እኩል ይመስሉታል።

ያልተመዘነ በግ 0 ኪሎ አይደለም። ጃቫስክሪፕት ባዶ ስትሪንግን ወደ ቁጥር ሲቀይር 0 ይሰጣል፤ 12፣ 13 እና 14 ኪሎ የመዘኑ ሦስት ጠቦቶች አማካይ 13 ሲሆን አንድ ያልተመዘነ ቢጨመርባቸው ወደ 9.75 ይወርዳል። ባዶውን «ነል» (ዋጋ የለውም) ብለው ያስቀምጡ፤ አማካይ ሲያሰሉም ይዝለሉት።

ስህተት 5፦ የኢትዮጵያን ቀን እንደ ፈረንጅ ቀን መስጠት

ጳጉሜን 5፣ 2016 ዓ.ም. የተወለደ ግልገል አለ። መዝጋቢው ዓመት 2016፣ ወር 13፣ ቀን 5 ብሎ ያስገባል። ጃቫስክሪፕት ወርን ከ0 ስለሚቆጥር ፕሮግራመሩ ከ13 አንድ ቀንሶ 12 ይሰጠዋል፤ ቀን የሚሠራው «ዴት» ግን አይቃወምም። ወር 12ን የሚቀጥለው ዓመት ጃንዩወሪ አድርጎ ጃንዩወሪ 5፣ 2017 ይመልሳል። እውነተኛው ቀን ሴፕቴምበር 10፣ 2024 ነበር።

አንድ ወጥ አቀማመጥ ይምረጡ። የሚሻለው ወደ ጎርጎርዮሳዊው ቀይሮ 2024-09-10 በሚል ጽሑፍ ማስቀመጥና ሲታይ ብቻ ወደ ኢትዮጵያው መመለስ ነው፤ በዚህ መልክ የተጻፈ ቀን እንደ ጽሑፍ ቢደረደርም ቅደም ተከተሉ አይዛባም። መቀየሪያው ጳጉሜን 6 የምትሆንበትን ዓመት ማወቁን ይፈትሹ፤ 2015 ዓ.ም. አንዱ ነው፣ 2016 መስከረም 1 የዋለውም ሴፕቴምበር 12 ነበር።

ቀኑ ከመላኩ በፊት ወደ «ዴት» ኦብጀክት ከተቀየረ ደግሞ የሰዓት ልዩነት ይገባበታል። በኢትዮጵያ ሰዓት ሴፕቴምበር 10 እኩለ ሌሊት በዓለም አቀፉ ሰዓት ሴፕቴምበር 9፣ 21:00 ነው። ወደ ጄሰን ሲለወጥ የሚጻፈው ይኸኛው በመሆኑ ሁሉም ግልገሎች በአንድ ቀን ቀድመው ይወለዳሉ። የልደት ቀን ሰዓት የለውም፤ በጽሑፍነቱ ይቆይ።

ስህተት 6፦ ቅጂ ያልሆነን ቅጂ ማመን

በሦስት ነጥብ የተገለበጠ አሬይ ዝርዝሩ አዲስ ነው፣ በውስጡ ያሉት ኦብጀክቶች ግን የድሮዎቹ ናቸው። «በቅጂው ላይ» የተቀየረ ክብደት ዋናውንም ይቀይራል። እስከ ውስጥ ድረስ መገልበጥ ከፈለጉ «ስትራክቸርድክሎን» አለ። አሬይን በአንድ ዋጋ በሚሞላው «ፊል» አንድ ባዶ ኦብጀክት ለ10 ቦታ መስጠትም ያው ነው፤ 10 በግ ሳይሆን 10 ጊዜ የተጠራ አንድ በግ ይሆናል። «ሶርት» ደግሞ ራሱን አሬዩን ያገለባብጣል፤ ዋናው እንዳይነካ በ2023 የተጨመረውን «ቱሶርትድ» ይጠቀሙ።

ፒኤችፒ አሬይን ሲያዛውር በእርግጥ ይገለብጣል። በአሬዩ አባላት ላይ በሚዞረው «ፎርኢች» ውስጥ በሪፈረንስ ምልክት (&) ከዞሩ ግን ከሉፑ (ከዙሩ) በኋላ ቫሪያብሉን በ«አንሴት» ያጥፉት። ካልጠፋና በዚያው ስም ሁለተኛ ሉፕ ከተጻፈ የመጨረሻው በግ ተሰርዞ ከመጨረሻው በፊት ያለው ሁለት ጊዜ ይመጣል።

ስህተት 7፦ እየዞሩ መሰረዝ፣ ሰርዞም ቀዳዳ መተው

ከፊት ወደ ኋላ እየዞሩ በ«ስፕላይስ» ሲሰርዙ ተከታዩ በግ በተሰረዘው ቦታ ይገባና ይታለፋል፤ ሁለት የተሸጡ በጎች ጎን ለጎን ካሉ አንዱ ይቀራል። «ዲሊት» ደግሞ ቦታውን ባዶ ትቶ ርዝመቱን አይቀንስም። የሚቀሩትን ብቻ በሚመርጠው «ፊልተር» አዲስ አሬይ ያውጡ። በፒኤችፒ «አሬይ ፊልተር» የድሮዎቹን ኢንዴክሶች ስለሚያቆይ በመሃል ክፍተት ይፈጠራል፤ ጄሰኑም ዝርዝር መሆኑ ቀርቶ ኦብጀክት ሆኖ ብራውዘር ይደርሳል። በ«አሬይ ቫልዩስ» ያሳልፉት።

ስህተት 8፦ በሉፕ ውስጥ መፈለግ

ለ3,000 በጎች የእያንዳንዱን እናት በ«ፋይንድ» ከፈለጉ በክፉ ቀን 9 ሚሊዮን ንጽጽር ይደረጋል። ርካሽ ስልክ ላይ ገጹ ይቆማል። አስቀድመው አንድ ጊዜ ዞረው ከመለያ ወደ በግ የሚያደርስ «ማፕ» ይሥሩ፤ ከዚያ እያንዳንዷ እናት በአንድ ጥያቄ ትገኛለች።

ስህተት 9፦ ሙሉውን አሬይ አንድ ላይ ማስቀመጥ

ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቀበሌ መዝገቡን ብራውዘር ላይ ማቆየት ግድ ነው። የብራውዘሩ ማከማቻ «ሎካል ስቶሬጅ» ግን የሚያስቀምጠው ስትሪንግ ብቻ ነው፤ ኦብጀክቱን ወደ ጄሰን ሳይቀይሩ ቢሰጡት መረጃው ጠፍቶ «ኦብጀክት» የሚል ቃል ይቀራል። ቦታውም ወደ 5 ሜጋባይት ገደማ ነው። ከዚህ የሚብሰው በሁለት ታብ የተከፈተ ገጽ ነው፦ ሁለቱም 200 በግ ያነባሉ፣ አንዱ 201ኛውን ጨምሮ ሙሉውን ይጽፋል፣ ሌላውም የራሱን 201ኛ ጨምሮ ሙሉውን በላዩ ይጽፋል። የመጀመሪያው በግ ጠፋ።

ሰርቨር ላይ አንድ የጄሰን ፋይል አንብቦ መልሶ መጻፍም ይኸው ነው። በሚጻፍበት ቅጽበት ብቻ ፋይሉን መቆለፍ አያድንም፤ ስህተቱ የተፈጠረው ሁለቱ ሲያነቡ ነውና። ዳታቤዝ ይጠቀሙ፤ ሰርቨር ላይ ኤስኪውላይት ወይም ማይኤስኪውኤል፣ ብራውዘር ላይ ኢንዴክስድዲቢ ያድርጉና እያንዳንዱን በግ ለየብቻ ያስቀምጡ። ኔትወርክ ሲመለስ የሚላከውም አሬዩ ሳይሆን የተደረገው ለውጥ ይሁን፦ የበጉ መለያ፣ የተለወጠው መስክ፣ አዲሱ ዋጋ። መልሱ ሳይደርስ መስመሩ ተቋርጦ ያው መልእክት ሁለቴ ሊላክ ስለሚችል የመለያውን ዓምድ ዳታቤዙ ላይ «ዩኒክ» (የማይደገም) ያድርጉት፤ ሰርቨሩ የሚያውቀው መለያ ሲመጣ አዲስ ረድፍ ሳይጨምር የነበረውን ያድስ።