ከመረበሹ በፊት ምን ነበር?

ሞኒተሩ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው የረባሾች ስም ዝርዝር ለመምህር ብዙም አይረባም። ማን እንደረበሸ እንጂ መቼ፣ የት ተቀምጦ፣ ምን ታዞ እንደረበሸ አይናገርም። መላው የሚገኘው ግን እነዚህ ውስጥ ነው።

በአንድ ተማሪና በአንድ ባህሪ ይጀምሩ። «ባለጌ ነው» አይቆጠርም፤ «በክፍል ሥራ ሰዓት ከዴስኩ ይነሳል» ይቆጠራል። የደብተር ገጽ በአራት ይክፈሉ፦ ሰዓት፣ ቀድሞ የነበረው፣ ልጁ ያደረገው፣ ወዲያው የተከተለው። ለአምስት የትምህርት ቀናት፣ ፔሬዱ እንዳለቀ ይመዝግቡ። ማታ ቤት ሲጻፍ የሚቀረው ንዴቱ ብቻ ነው።

አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦ «ማክሰኞ 5፡10፤ የክፍልፋይ መደመር 10 ጥያቄ ተሰጠ፤ የጎኑን ልጅ እስክሪብቶ ነጠቀ፤ «ውጣ» ተብሎ ከክፍል ወጣ።» ይኸው በሳምንት ሦስቴ ከተደገመ ልጁ የሚሸሸው ክፍልፋዩን ሳይሆን አይቀርም፤ «ውጣ» የሚለው ቅጣትም ለእሱ ሽልማት ሆኗል። በቅጣት ፋንታ ጥያቄውን ወደ 3 ይቀንሱ፤ የመጀመሪያውን አብረውት ይሥሩ፤ ሲከብደው እጅ አውጥቶ የሁለት ደቂቃ እረፍት እንዲጠይቅ ይፍቀዱ። ተመልሶ ግን ያንኑ ሥራ ይጨርስ።

የሚያስነሳው የትምህርቱ ዓይነት ሳይሆን ሰዓቱ ከሆነ ሆዱንና እንቅልፉን ይጠርጥሩ። በጓደኞቹ ፊት «ቁርስ በልተሃል?» ቢሉት ባይበላም «በልቻለሁ» ይላል። ለብቻው «ከቤት እስክትወጣ ምን ስትሠራ ነበር?» ይበሉት። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ውኃ ሲቀዳ አርፍዶ ሊሆን ይችላል።

መቀመጫውንም ይዩ። እሱ ቦታ ላይ ተቀምጠው ሰሌዳውን ያንብቡ፤ የመስኮቱ ብርሃን እያንጸባረቀ ጽሑፉን ሊያጠፋው ይችላል። ከጎኑ እየገለበጠ «ያወራል» የሚባለው ልጅ አንዳንዴ ሰሌዳው የማይታየው ልጅ ነው። ሦስት ሆነው በሚቀመጡበት ዴስክ ላይ ግራኝ ልጅ ሁልጊዜ በግራ ጫፍ ይሁን፤ አለዚያ ሲጽፍ ክርኑ ከጎረቤቱ ክርን ጋር ይጋጭና ጠቡ በየቀኑ ነው። ይህን ለማስተካከል አንዲት ደቂቃ ይበቃል፤ ስንቱ ግን በዚህ ተገርፏል!

ትኩረት ፈልጎ የሚረብሽ ከሆነ ከመረበሹ በፊት ይስጡት፦ ሲገባ በስሙ ይጥሩት፣ በየአምስት ደቂቃው ደብተሩን አየት ያድርጉ፣ ቀላል ጩኸቱን ደግሞ ይለፉት። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። የለመደውን ሲያጣ መጀመሪያ ላይ ሊብስበት ይችላል፤ በሦስተኛው ቀን ተሸንፈው ከተቆጡት፣ የተማረው አብልጦ መጮኽን ነው። ድብደባና ዛቻ ግን በዝምታ አይታለፉም።

መቀመጫውንም ሥራውንም በአንድ ቀን አይቀይሩ፤ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። አንዱን ለሁለት ሳምንት ይሞክሩና መዝገቡን ያወዳድሩ።

ዝምተኛ የነበረ ልጅ በድንገት ከተለወጠ ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሊኖር ይችላል። ያኔ «ወላጅ አምጣ» ማለት ዱላ ሊጠራበት ይችላል። መምህሩ ራሱ ይደውል፤ መጀመሪያ ልጁ ጥሩ የሠራውን አንድ ነገር ይናገር፣ ቀጥሎ «ሰሞኑን ቤት እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ዱላ ወይም ጥቃት የሚያሳይ ከሆነ ጉዳዩን በዚያው ቀን ለርዕሰ መምህሩ ያድርስ።