«ወጣ» እና «ተነሣ» በእንግሊዝኛ፦ ወደ ላይ ለሚሄድ ነገር ትክክለኛውን ቃል እንዴት እንምረጥ?

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሰዓት በኋላ ልጆች አስጠናለሁ። አብዛኞቹ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ናቸው፤ ቅዳሜ ደግሞ እንጦጦ ላይ እንግዳ የሚያስጎበኙ ሁለት ወጣቶች ይመጣሉ። ሁሉም የሚደናገሩት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ወደ ላይ የሚሄድ ነገር ሲገጥማቸው። አማርኛችን አብዛኛውን በ«ወጣ» እና በ«ተነሣ» ይገላገላል፤ እንግሊዝኛው ግን ራይዝ፣ ሬይዝ፣ ክላይም፣ አሴንድ፣ ሊፍት፣ ጌት አፕ እያለ ይደረድራል። ቃላቱን ደብተር ላይ ገልብጣችሁ አትሸምድዱ፤ የተሸመደደ ዝርዝር ፈተናው ክፍል በር ላይ ይቀራል። ዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ በአማርኛ በሉትና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ነገሩ ራሱ ነው ከፍ ያለው ወይስ ከፍ ያደረገው አለ?

መልሱ ብዙ ጊዜ አማርኛው ውስጥ አለ። «ከፍ አለ» ካልን ራሱ ነው፣ ራይዝ እንላለን፤ «ከፍ አደረገ» ካልን አድራጊ አለው፣ ሬይዝ እንላለን። ምድር ቤት ያለችው ጎረቤቴ ዳቦ እየጋገረች ትሸጣለች። ማታ አቡክታ ያሳደረችው ሊጥ ጠዋት ኩፍ ብሎ የባልዲውን ክዳን ገፍቶ ይገኛል። ሊጡን ማንም አልነካውም፤ ስለዚህ «ዘ ዶው ሮዝ» ነው። ክዳኑን ስትከፍተው ግን የእሷ እጅ አለበት፤ «ሺ ሊፍትድ ዘ ሊድ»። ሊፍት የሬይዝ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ክብደት ያለውን ነገር ካለበት ብድግ ማድረግ ሲሆን ይመረጣል። ጀሪካን ይዞ ደረጃ የሚወጣ ሰው ሊፍት የሚለውን ቃል በወገቡ ያውቀዋል። እጅ፣ ባንዲራና ድምፅ ግን ሬይዝ ናቸው። ልጅ ማሳደግ፣ ዶሮ ማርባት፣ ለዕርዳታ ገንዘብ ማሰባሰብም እዚሁ ሬይዝ ሥር ይገባሉ።

ያለፈ ጊዜያቸውን አታምታቱ። ራይዝ ይቀያየራል፦ ራይዝ፣ ሮዝ፣ ሪዝን። ሬይዝ ጨዋ ነው፦ ሬይዝ፣ ሬይዝድ፣ ሬይዝድ። ስትናገሩ «ራ»ንና «ሬ»ን በደንብ ለዩ፤ ልዩነቱ ያለው እዚያች አናባቢ ላይ ብቻ ነው። በነገራችን ላይ እንደ ሬይዝ የሚጠራ፣ ግን በኤስ ፋንታ በዜድ የሚጻፍ ሌላ ቃል አለ፤ ትርጉሙ ቤትን አፍርሶ ከመሬት ማስተካከል ነው። ዜና ስታዳምጡ ከዐውዱ ለዩት።

አማርኛው የሚከዳችሁ ዋጋ ላይ ነው። «ዋጋ ጨመረ» እንላለን፤ «ባለሱቁ ዋጋ ጨመረ»ም እንላለን፤ ግሡ ያው ነው። እዚህ ላይ ባለቤቱን ፈልጉ። ኪራይ ራሱ ባለቤት ሲሆን «ዘ ሬንት ሮዝ»፤ አከራይ ሲኖር «ዘ ላንድሎርድ ሬይዝድ ዘ ሬንት»። የቅሬታ ደብዳቤ የሚጽፍ ተከራይ ሁለተኛውን እንዲጠቀም እመክራለሁ፤ የመጀመሪያው ኪራይ በገዛ እግሩ ተነሥቶ የሄደ ያስመስለዋል። ጋዜጦች ግን የመጀመሪያውን ይወዱታል፤ ማን ጨመረው ከሚል ጥያቄ ያድናቸዋል። ምርጫው ከጠፋባችሁ ኢንክሪስ አለላችሁ፤ ልክ እንደ እኛ «ጨመረ» በሁለቱም በኩል ይሠራል። ግስ ሲሆን ግን ጫናው መጨረሻው ላይ፣ ስም ሲሆን መጀመሪያው ላይ ይውደቅ።

ከቁጥር ጋር ደግሞ ባይ እና ቱ አሉ። ኪራይ ከ8,000 ብር ተነሥቶ 10,000 ቢገባ «ሮዝ ባይ 2,000» ማለት በ2,000 ጨመረ ነው፤ «ሮዝ ቱ 10,000» ማለት 10,000 ደረሰ ነው። «ሮዝ ባይ 10,000» ብሎ የጻፈ ተፈታኝ ኪራዩን 18,000 አድርሶታል። የግራፍ ጥያቄ ላይ ነጥብ የሚበላው ይኼ ነው።

አሁን ወደ ተራራው። በእግራችሁ፣ እያላባችሁ ስትወጡ ክላይም ነው። መጨረሻው ላይ የሚጻፈው ቢ አይነበብም፤ ክላይምብ አይባልም። ከኋላውም ቱ አታስገቡ፤ «ዊ ክላይምድ ዘ ማውንቴን» ብቻ ይበቃል። አማርኛው «ወጣ» ከቤት መውጣትንም ስለሚያጠቃልል «ጎ አውት ዘ ማውንቴን» ብለው የሚጽፉ ልጆች አሉኝ፤ አውት ለበር ነው፣ ለተራራ አፕ ነው። ለአስጎብኚዎቹ የምላቸው፦ እንግዳችሁ በመኪና የሚሄድ ከሆነ «ዊ አር ጎይንግ አፕ ቱ እንጦጦ» በሉ፤ ክላይም ካላችሁት የተራራ ጫማ ፍለጋ ይገባል። መንገዱን ራሱን ግን ክላይም ማለት ይቻላል፤ ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው አስፋልት ሽቅብ ነውና «ዘ ሮድ ክላይምስ» ያምርበታል። ላይ ስትደርሱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር አልፋችኋል፤ ፈረንጁ ትንፋሽ ሲያጥረው «ስሎውሊ» በሉትና አሳርፉት።

እንጦጦ ማርያም ጋ ሲደርሱ ሌላ ቃል ያስፈልጋቸዋል። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እዚያ ነው፣ በ1882 ዓ.ም.፤ ለእንግዳ ሲነገር 1889 ይሆናል። ዙፋን ላይ መውጣት «አሴንድ ዘ ትሮን» ይባላል፤ ክላይም ካላችሁ ንጉሡ በመሰላል የወጡ ይመስላል። አሴንድ የክብር ቃል ነው፤ ለደረጃና ለዛፍ አታውጡት። ለማስታወስ ሁለት መያዣ አለኝ። አንደኛው አሳንሰር ነው፤ ሊፍትን አሳንሰር የሚሉ አዛውንቶች የሚጠሩት ቃል ከአሴንድ ጋር ከአንድ የላቲን ግንድ የመጣ ነው። ሁለተኛው የበዓል አቆጣጠራችን ነው። ትንሣኤ ሲሆን ራይዝ፤ «ክራይስት ኢዝ ሪዝን» ይላሉ። በ40ኛው ቀን ዕርገት ሲመጣ ግን አሴንድ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ተማሪዎቼ ይህን ካወቁ በኋላ ሁለቱን አያቀላቅሏቸውም።

ፀሐይ ትንሽ ታስቸግራለች። ጎህ ሲቀድ ከአድማስ ብቅ ስትል «ዘ ሰን ሮዝ» ነው። ነሐሴ ላይ ግን የአባዶ ኮረብታ ጉም ለብሶ ያረፍድና አራት ሰዓት ገደማ ሰማዩ ሲከፈት እኛ አሁንም «ፀሐይ ወጣች» እንላለን፤ ልብስ ማስጫ ገመዱም ወዲያው ይሞላል። ይህችኛዋ ፀሐይ ከጠዋት ጀምሮ ሰማይ ላይ ነበረች፤ ስለዚህ «ዘ ሰን ኬም አውት» ትባላለች። ተራራ ላይ የከለከልኳችሁ አውት እዚህ ይፈቀዳል።

«ተነሣ» ላይ ብዙ አልቆይም። ዐይን መግለጥ ዌክ አፕ፣ ከአልጋ መነሣት ጌት አፕ፣ ከወንበር መነሣት ስታንድ አፕ ነው። ችግር ሲነሣ አራይዝ ይሆናል፤ ስብሰባ ላይ ሰው ጉዳይ ሲያነሣ ሬይዝ። ፎቶ ማንሣት ግን ከዚህ ቤተሰብ የለበትም፤ ቴክ ነው። ሶር የሚለውን ጋዜጣ ላይ ስታገኙት በአንዴ ሽቅብ ተተኮሰ ብላችሁ እለፉት፤ ለመጻፍ አትቸኩሉ። ደመወዝ ሲጨመር እንግሊዞች ፔይ ራይዝ፣ አሜሪካኖች ሬይዝ ይሉታል፤ ሁለቱም ትክክል ነው፣ አትከራከሩ።

ዛሬ ማታ እነዚህን ሞክሩ፦ ጨረቃ ወጣች፤ ድመቷ ጣሪያ ላይ ወጣች፤ ልጁ እጁን አወጣ፤ ስብሰባው ላይ የውኃ ጉዳይ ተነሣ፤ ጠዋት በ11 ሰዓት ተነሣሁ። ከሞከራችሁ በኋላ ከዚህ ጋር አስተያዩት። ዘ ሙን ሮዝ። ዘ ካት ክላይምድ ኦንቱ ዘ ሩፍ። ዘ ቦይ ሬይዝድ ሂዝ ሃንድ። ዘ ዋተር ኢሹ ዎዝ ሬይዝድ አት ዘ ሚቲንግ። የመጨረሻዋ «አይ ጎት አፕ አት ፋይቭ» ናት፤ ኢለቨን ብላችሁ ከሆነ ግሡን አግኝታችሁ ሰዓቱን ስታችኋል።