ፕሮጀክቱ ነው ወይስ ወሩ? በፕሮግራም ግምገማ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የግምገማ ሪፖርት አስተያየት እንድሰጥበት ተላከልኝ። የምግብ ዋስትና ፕሮጀክት ነው፤ የድርጅቱን ስም እንተወው። መነሻ ጥናቱ የተሠራው ሐምሌ ላይ ነው። የማጠቃለያው ጥናት ደግሞ በሌላ ዓመት ታኅሣሥ ላይ። በሐምሌ ብዙ ቤተሰብ በቀን የሚበላው አንዴ ወይም ሁለቴ ነበር። በታኅሣሥ ሦስቴ የሚበላው በዛ። ሪፖርቱም «ፕሮጀክቱ የቤተሰቦችን የምግብ ዋስትና አሻሽሏል» ብሎ ደመደመ። ግራፉ ያምራል።

ገጠር ያደገ ሰው ግን ግራፉን አይቶ ይስቃል። ሐምሌ ጎተራው የሚራቆትበት ወር ነው። በታኅሣሥ እህሉ አውድማ ላይ ነው። ፕሮጀክት መጣም አልመጣም፣ ሐምሌና ታኅሣሥ እኩል በልተው አያውቁም።

በፊትና በኋላ ለክቶ ልዩነቱን ሁሉ ለፕሮጀክቱ መስጠት

ከስህተቶቹ ሁሉ የተለመደው ይሄኛው ነው። የግምገማ ዋና ጥያቄ «ምን ተለወጠ?» አይደለም። «ፕሮጀክቱ ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» ነው። ባለሙያዎቹ ውስጣዊ ተአማኒነት የሚሉት ይህን ጥያቄ በእርግጠኝነት የመመለስ አቅምን ነው። የቀሩት ስህተቶችም ዞረው ዞረው ይህን ጥያቄ ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

ስህተቱ በተቃራኒውም ይሠራል። በ2008 ዓ.ም. የኤልኒኖ ድርቅ ወቅት የማጠቃለያ ጥናት የደረሰበት ፕሮጀክት፣ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ከመነሻው የባሰ ቁጥር ይዞ ሊወጣ ይችል ነበር። የጎረቤት ቀበሌ አብሮ ቢለካ ግን «እነሱ ከዚህም በላይ ተጎድተዋል» ማለት ይቻል ነበር። ስለዚህ ቢያንስ በአንድ ዓይነት ወር ለኩ። ከተቻለ ፕሮጀክቱ ያልደረሰበትን ተመሳሳይ ቀበሌ ጨምሩ።

የባሰበትን መርጦ «ይኸው ተሻሻለ» ማለት

ይህ ረቂቅ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

እ.ኤ.አ. በ1955 በአሜሪካ የኮኔቲከት ግዛት 324 ሰዎች በመኪና አደጋ ሞቱ። አገረ ገዢው አብርሃም ሪቢኮፍ በፍጥነት በሚነዱ ሰዎች ላይ ጠንከር ያለ ዘመቻ ከፈቱ። መንጃ ፈቃድ እስከ ማገድ ድረስ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት የሟቾቹ ቁጥር 284 ሆነ። ዘመቻው 40 ሰው አተረፈ ተባለ።

ዶናልድ ካምፕቤልና ሎረንስ ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ጉዳዩን እንደገና አዩት። ካምፕቤል ከአምስት ዓመት በፊት ከጁልያን ስታንሊ ጋር ሆኖ የተአማኒነት ስጋቶችን፣ ማለትም ግምገማን የሚያሳስቱ ነገሮችን፣ ዝርዝር ያወጣ ሰው ነው። ያደረጉት ነገር ቀላል ነው፤ የሁለቱን ዓመት ብቻ ሳይሆን የብዙ ዓመታትን ቁጥር ደረደሩ። አጠገብ ያሉትን ግዛቶችም አብረው አዩ። 1955 ለብቻው ወጣ ብሎ ታየ። ዘመቻው የታወጀውም ቁጥሩ ስላስደነገጠ ነበር። እንዲህ በድንገት የናረ ቁጥር ደግሞ ማንም ሳይነካው በቀጣዩ ዓመት ወደ ወትሮው ማዘንበሉ አይቀርም። ተመራማሪዎቹ «ዘመቻው ምንም አልጠቀመም» አላሉም። አርባውን በሙሉ ለዘመቻው መስጠት ግን አይቻልም።

እኛም ዘንድ ይህ ሞልቷል። በአንድ ዓመት ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ያመጡ ትምህርት ቤቶች ይመረጡና ድጋፍ ይሰጣቸዋል። በዓመቱ ውጤታቸው ከፍ ይላል። ከመካከላቸው ግን ያን ዓመት ብቻ ክፉ ቀን የገጠማቸው አሉ። የሒሳብ መምህሩ መሀል ላይ ለቆባቸው ሊሆን ይችላል። የሦስትና የአራት ዓመት ውጤት አይቶ መምረጥ ይህን ይቀንሰዋል። እንደነሱ ዝቅ ብለው ድጋፉ ያልደረሳቸውን ትምህርት ቤቶች አብሮ መከታተል ደግሞ የበለጠ ይረዳል።

የተመዘገቡትን ካልተመዘገቡት ጋር ማወዳደር

«የቁጠባ ቡድን አባላት ገቢ ከአባል ካልሆኑት ይበልጣል።» ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ሪፖርት ላይ እንዳየሁት አልቆጥረውም። በመጀመሪያው ቀን መጥታ የምትመዘገበዋ ሴት ግን ቀድሞም ደፋር ናት። ትንሽም ቢሆን የምትቆጥበው ብር አላት። ባሏም አይከለክላትም ማለት ነው።

ሴፍቲኔት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ጀምሮ በየቀበሌው ተጠቃሚ እንዲሆኑ የሚመረጡት ድሆቹ ናቸው። ተጠቃሚውን ከጎረቤቱ ጋር ዝም ብሎ ያወዳደረ ሰው ሴፍቲኔት ያደኸያል ብሎ ሊወጣ ነው! ይሻላል የሚባለው በመምረጫው መስመር አፋፍ ላይ ያሉትን ማየት ነው፤ ለጥቂት የገቡትንና ለጥቂት የቀሩትን። እነዚህ ሁለቱ ብዙም አይለያዩም።

ዕጣን መፍራት

«በሰው ሕይወት ዕጣ ይጣላል እንዴ?» የሚል ቁጣ በየስብሰባው አለ። ዕቁብ እየጣለ ያደገ፣ ኮንዶሚኒየም በዕጣ የሚጠብቅ ሕዝብ ይህን ሲል ይገርመኛል። በጀቱ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ የሆነ ሰው መጠበቁ አይቀርም። ማን ይጠብቅ የሚለውን ለቀበሌው ሊቀ መንበር ወዳጆች ከመተው ዕጣው ይሻላል ባይ ነኝ። ለግምገማም ይመቻል። የአዲስ አበባን የኮንዶሚኒየም ዕጣ ተጠቅመው የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ያወዳደሩ ተመራማሪዎች አሉ። ሜክሲኮም እ.ኤ.አ. በ1997 ፕሮግሬሳ የተባለውን የገንዘብ ድጋፍ ስትጀምር ለግምገማው 506 የገጠር መንደሮች ተይዘው በዕጣ ተለዩ። 320ዎቹ ቀድመው ገቡ። 186ቱ ዘግይተው።

ከዕጣው በኋላም ግን ማበላሸት ይቻላል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች የሥራ ዕድል ለአመልካቾች በዕጣ ተሰጠ። ሥራው ከደረሳቸው አብዛኞቹ በዓመት ውስጥ ለቀቁ። እዚህ ላይ ፈተናው የጸኑትን ብቻ ይዞ ማወዳደር ነው። እንዲህ ከሆነ ዕጣው ለምን ተጣለ? የጸኑት ከለቀቁት ይለያሉ። ዕጣው የወጣለት ሁሉ፣ አንድ ቀን ሠርቶ የቀረም ቢሆን፣ ዕጣው ከወጣላቸው ጋር ይቆጠራል።

ፍሬው ወደ ጎረቤት ሲፈስ አለማየት

ኬንያ ቡሲያ ውስጥ በ75 ትምህርት ቤቶች የሆድ ትል መድኃኒት ሲሰጥ፣ በዚያው ትምህርት ቤት ሆነው መድኃኒቱን ያልወሰዱ ልጆችም ትላቸው ቀነሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በየሜዳው የሚጣለው የትል እንቁላል አነሰ። አንድ ክፍል ውስጥ ግማሹን አክሞ ግማሹን ለንጽጽር ማስቀረት እንግዲህ የመድኃኒቱን ጥቅም ያሳንሳል። ጥናቱን የሠሩት ኤድዋርድ ሚጌልና ማይክል ክሬመር ትምህርት ቤቱን በሙሉ ተራ ያስያዙት ለዚህ ነው። እኛ አገር ደግሞ የእርዳታው ስንዴ ከጎረቤት ጋር ይካፈላል። ይህን የማያውቅ አጥኚ ድጋፉ ያልደረሰው የንጽጽር ቤተሰብ ያገኘ ይመስለዋል።

ሁለት ትንንሾችን ልጥቀስና ልለፍ። ጥያቄው መሀል ላይ አይቀየር፤ «ባለፈው ሳምንት» የነበረው «ባለፈው ወር» ከሆነ የተለወጠው ሕይወት ሳይሆን መጠይቁ ነው። ልጆች ደግሞ ያድጋሉ። የአምስት ዓመት ልጅ በሰባት ዓመቱ ፊደል ቢለይ ሁሉም የመዋዕለ ሕፃናቱ ሥራ አይደለም።

የጠፉትን መርሳት

የወጣቶች ሙያ ሥልጠና ግምገማ ላይ ሠርቼ አውቃለሁ። ከሠልጣኞቹ ያገኘናቸውን ጠየቅን። አብዛኞቹ ሥራ አላቸው። ደስ አለን። ከዚያ ያላገኘናቸውን ቆጠርን፤ ጥቂት አልነበሩም። ስልካቸው ዝግ ነው። ሥራ ያጣ ሰው ካርድ መሙላት ያቅተዋል፣ ወይም ቤት ይለቃል። ሥራ ያገኘም ከተማ ይቀይራል። የጠፉት የትኞቹ እንደሆኑ ሳይታወቅ የተገኙት መቶኛ ምንም አይናገርም። ስለዚህ በምዝገባ ቀን የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የሦስት ዘመድ ስልክ መያዝ ደግ ነው። በጀት ውስጥም «የጠፉትን ፍለጋ» የምትል መስመር ትግባ።

እኛ ዘግይተንም ቢሆን ቤት ለቤት ሄድን። አንዲት እናት በር ላይ ቆመው «ልጄማ ቤሩት ናት፣ ይኸው ጣሪያውን በቆርቆሮ አለበሰችልኝ» አሉን። ልጅቷ የሠለጠነችው በልብስ ስፌት ነው። ቤሩት የምትሠራው የሰው ቤት ነው። ቅጹ ላይ «ሥራ አላት» እና «ሥራ የላትም» ብቻ ነበር ያለው። መረጃ ሰብሳቢው እስክሪብቶውን ይዞ ዞሮ አየኝ።